ከጡረታ የተጠራ መድፍ

በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጌፓርድ የጀርመን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ነው። በታንክ ጀርባ ላይ ሁለት ባለ 35 ሚሊ ሜትር አፈሙዞችና የራሱ ራዳር ተጭነውለታል። የተሠራው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ዓላማውም ዝቅ ብለው የሚመጡ የሶቪየት ጄቶችንና ሄሊኮፕተሮችን መምታት ነበር። ጄቶቹ ሳይመጡ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። ጀርመንም ወጪ ለመቀነስ ስትል በ2010 ጌፓርድን ከሠራዊቷ አሰናበተች። ከዚያ ወዲህ ከተገኙት ገዢዎች አንዷ ኳታር ነበረች፤ የ2022ቱን የዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች ከድሮን ለመጠበቅ 15 ጌፓርድ ገዝታለች። በዚያው ዓመት ጌፓርድ ወደ ዩክሬን ተጓዘ። እዚያም ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ከእሱ በብዙ እጥፍ የሚወደዱ ሚሳይሎች ባሉበት አገር፣ አዛዦች እጅግ ከሚሹአቸው መሣሪያዎች አንዱ ሆነ።

ችግሩ የመጣው በጥይቱ ነው። ጥይቱ የስዊዘርላንድ ሥሪት ነበር። ጀርመን ቀደም ብላ ከገዛችው ውስጥ 12,400 ያህሉን ለዩክሬን ለማሳለፍ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ስዊዘርላንድ ገለልተኛ አገር ነኝ ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ ራይንሜታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኡንተርሉስ በምትባል ቦታ አዲስ የጥይት ማምረቻ መስመር ዘርግቶ በ2023 ማስረከብ ጀመረ። አስገራሚው ነገር የመድፉን ቴክኖሎጂ የያዘው የዙሪኩ ኩባንያም የዚሁ የራይንሜታል ንብረት መሆኑ ነው። ስሙ ኦርሊኮን ይባል ነበር፤ ለኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በላይ በላይ ሲመላለሱ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከነበሩት ጥቂት ፀረ አውሮፕላን መሣሪያዎች መካከል ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ኦርሊኮን ይገኝበታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ላይ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍም በዘመኑ ዓለምን የዞረ ነው።

የፀረ ድሮን ውጊያ ታሪክ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ስለ መሣሪያው ብልሃት ከሚነገረው ይልቅ ስለ ጥይቱ ብዛት፣ ስለ ዋጋውና ከፋብሪካ ወጥቶ ምሽግ እስኪደርስ ስለሚፈጀው ጊዜ ማውራት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል።

ሻሂድ-136ን እንውሰድ። ኢራን ነደፈችው፤ ሩሲያ ጌራን-2 ብላ በራሷ ፋብሪካ ታመርተዋለች። ክብደቱ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከፊቱ 50 ኪሎ የሚጠጋ ፈንጂ ይሸከማል፤ ከኋላው ትንሽ ሞተር ፕሮፔለር ያሽከረክርለታል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ይህም ከመንገደኛ አውሮፕላን እጅግ ያነሰ ፍጥነት ነው። ጩኸቱ ከሩቅ ስለሚሰማ ዩክሬናውያን «ሞፔድ» የሚል ቅጽል አወጡለት። እንደ ጦር መሣሪያ ሲመዘን ቀርፋፋና ጯሂ ነው፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመብራት ጣቢያን ግን መምታት ይችላል። ዋጋውን ባለሙያዎች ከ20,000 እስከ 50,000 ዶላር ይገምቱታል።

አንድ ዘመናዊ የፓትሪየት ሚሳይል ደግሞ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል። በዚህ ሒሳብ ተከላካዩ ለአንድ ሚሳይል በሚያወጣው ዋጋ አጥቂው ከ80 እስከ 200 ሻሂድ ይገዛል። እነዚህ ሚሳይሎች በዓመት የሚመረቱት በመቶዎች ሲሆን፣ ሩሲያ ግን ሐምሌ 9 ቀን 2025 በአንድ ሌሊት ብቻ 728 ድሮኖች ላከች። መስከረም 7 ቀን ቁጥሩ 810 ደረሰ። በዚያ ሌሊት ኪየቭ የሚገኘው የዩክሬን ሚኒስትሮች ምክር ቤት ሕንፃ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመታ። ከ810ሩ መካከል ብዙዎቹ ፈንጂ የሌላቸው ማታለያዎች ነበሩ። ጌርቤራ የሚባለው ከፎምና ከኮምፖርሳቶ የሚገጣጠም ድሮን በራዳር ላይ ሻሂድ መስሎ ይታያል፤ ዋናው ሥራውም ሚሳይል ማስጨረስ ነው።

ይህ ችግር ከዩክሬን በፊትም ይታወቅ ነበር። በመጋቢት 2017 ጄኔራል ዴቪድ ፐርኪንስ የተባሉ የአሜሪካ ጦር አዛዥ በአንድ ስብሰባ ላይ እንደተናገሩት፣ ስሙን ያልጠቀሱት አንድ ወዳጅ አገር በኢንተርኔት ገበያ 200 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ድሮን ለመምታት 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፓትሪየት ተኩሷል። ጄኔራሉ አክለው፣ ጠላት ይህን ሲያይ የሚያደርገው ብዙ ትንንሽ ድሮን ገዝቶ ሚሳይሉን ማስጨረስ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ከስድስት ዓመት በኋላ ማስጠንቀቂያው በቀይ ባሕር ላይ እውን ሆነ።

ጥቅምት 19 ቀን 2023 ካርኒ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከየመን የተተኮሱ ክሩዝ ሚሳይሎችንና ከአሥር የሚበልጡ ድሮኖችን ለሰዓታት ስትመልስ ዋለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ወራት ገደማ የአሜሪካ ባሕር ኃይል 120 ኤስኤም-2 እና 80 ኤስኤም-6 ሚሳይሎችን እንደተኮሰ አስታውቋል። ኤስኤም-2 አንዱ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል። በዚያው ባሕር ላይ ካዮ ዱይሊዮ የተባለችው የጣሊያን መርከብ በመጋቢት 2024 ድሮኖች ሲመጡባት የተጠቀመችው ሚሳይል አልነበረም፤ ባለ 76 ሚሊ ሜትር መድፏን ነበር። የጣሊያን ባሕር ኃይል ሌሎች ያቃለሉትን መድፍ በየመርከቡ ማሻሻሉን አልተወም ነበርና በዚያ ቀን ሒሳቡ ተከፈለው። ነገሩ ለጅቡቲ ወደብ ደንበኞች የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ብዙው በዚሁ በባብ ኤል መንደብ ደጅ ነው የሚያልፈው።

ለመምታት ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ከባዱም እርሱ ነው። የአየር መከላከያ ራዳሮች የተሠሩት በፍጥነት የሚበርሩ ትልልቅ ነገሮችን ለመለየት ነው። የወፍ መንጋ መስኮቱን እንዳያጨናንቀው ቀርፋፋና ትንሽ የሆነውን ነገር ኮምፒዩተሩ ራሱ ያጣራዋል። ድሮን ደግሞ ቀርፋፋና ትንሽ ነው። በተጨማሪ ዛፍ ለዛፍ፣ ሸለቆ ለሸለቆ ሲመጣ የመሬቱ ጉብታ ከራዳር ይጋርደዋል። በየኮረብታው ራዳር መትከል ደግሞ የየትኛውንም አገር በጀት ያራቁታል።

ሁለት የዩክሬን መሐንዲሶች መልስ ያገኙለት ችግር ይህ ነው። ሻሂድ ጯሂ ነው፤ እንግዲያው መስማት ይቻላል። ተራ ማይክሮፎንና ተራ ስልክ በምሰሶ ላይ አስረው በየገጠሩ መትከል ጀመሩ። ስልኩ የሰማውን ድምፅ ወደ ማዕከል ይልካል፤ ኮምፒዩተር የሻሂድን ሞተር ከትራክተርና ከሞተር ሳይክል ለይቶ አቅጣጫውን በካርታ ላይ ያስቀምጣል። ሥርዓቱ ስካይ ፎርትረስ ይባላል። በ2024 በአውሮፓ የአሜሪካ አየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ጄምስ ሄከር እንዳስረዱት፣ የማይክሮፎኖቹ ቁጥር ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር፤ እያንዳንዱም ከ400 እስከ 500 ዶላር ያህል ይወስድ ነበር። ጠቅላላ ወጪው ከሁለት ፓትሪየት ሚሳይሎች ዋጋ በታች ነው ማለት ነው። ጄኔራሉ የጠቀሱት አንድ ሌሊት ደግሞ አለ፦ 84 ድሮኖች መጡ፤ 80ዎቹ ወደቁ።

ያወረዷቸው ተንቀሳቃሽ ቡድኖች የሚባሉት ናቸው። መኪናቸው ፒክአፕ ነው፤ መሣሪያቸው ዲሽቃ ወይም ዙ-23 ወይም የአሜሪካው ብራውኒንግ፤ ከዚያ አንድ የመፈለጊያ መብራት፣ የሙቀት መነጽርና የማይክሮፎኖቹን ካርታ የሚያሳይ ታብሌት። ዲሽቃን ያየ ኢትዮጵያዊ ወታደር እዚያ ፒክአፕ ላይ ቢወጣ ብዙ የሚያስደንቀው ነገር አያገኝም፤ አዲሱ ነገር ታብሌቱ ነው። ኦዴሳ አካባቢ ደግሞ ያክ-52 የተባለ ባለ ፕሮፔለር የማሠልጠኛ አውሮፕላን የሩሲያን የስለላ ድሮኖች እያሳደደ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው በጠመንጃ ይመታቸው ነበር። ሥዕሉ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ይመስላል፤ ነገር ግን የ2024 ነው።

የማየት ነገር በመሣሪያ ብቻ አያልቅም። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ከንጋቱ በፊት ከየመን የተነሣ ድሮን 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በርሮ ቴል አቪቭ መሐል አንድ ሰው ገደለ። እስራኤል በዓለም ላይ እጅግ ከተደራጁት የአየር መከላከያዎች አንዱ ያላት አገር ናት። ራዳሩም ድሮኑን አይቶት ነበር። ነገር ግን ስጋት ተብሎ አልተመዘገበም፤ ሳይረንም አልጮኸም። ጦሩ ራሱ የሰው ስህተት ነው አለ። ከዚያ በሦስት ወር ገደማ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ከሊባኖስ የመጣ የሂዝቦላህ ድሮን ቢንያሚና አጠገብ ባለ የጎላኒ ብርጌድ ማሠልጠኛ ውስጥ ራት ላይ የነበሩ ወታደሮችን መትቶ አራቱን ገደለ። እዚያም ድሮኑ መጀመሪያ ታይቶ በኋላ ጠፍቶ ነበር። በሚያዝያ 2024 ኢራን 170 ገደማ ድሮኖችን ስትልክ ግን አንዱም አልደረሰም፤ ተዋጊ ጄቶች በመንገድ ላይ ለቃቀሟቸው። ያኔ ሁሉም እየጠበቀ ነበር፤ ሰዓቱ ታውቋል፤ አቅጣጫው ታውቋል። ብዙ ሆኖ በቀጠሮ ከመጣው ይልቅ ብቻውን ያለ ቀጠሮ የመጣው የባሰ ጉዳት አደረሰ።

መምታት ያልተፈለገ እንደሆነ ማሳወር ይቻላል። ድሮን ከአብራሪው ጋር በሬዲዮ፣ ከሳተላይት ጋር በጂፒኤስ ይገናኛል፤ ሞገዱን ያፈነው ሰው ድሮኑን አደነዘዘው ማለት ነው። በጥር 2018 ሶሪያ ውስጥ ባሉት የሩሲያ ሰፈሮች ላይ 13 ድሮኖች በመጡ ጊዜ፣ ሩሲያ ሰባቱን ፓንትሲር በተባለው የአየር መከላከያዋ መትታ ስድስቱን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማውረዷን ተናገረች። ዩክሬንም በርካታ ሻሂዶችን በሐሰተኛ የሳተላይት ምልክት አቅጣጫ አስታ ባዶ ሜዳ ላይ ጥላለች። ለአንድ ሰሞን በዩክሬን ግንባር ብዙ ተሽከርካሪ ያለ ጃመር፣ ማለትም ያለ ሞገድ ማፈኛ፣ አይንቀሳቀስም ነበር።

ከዚያ በ2024 ሩሲያውያን ሽቦ ይዘው መጡ። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ፋይበር ኦፕቲክ ነው፤ ድሮኑ በሆዱ ተጠቅልሎ የተያዘውን እየዘረጋ አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ትእዛዙና ሥዕሉ የሚመላለሱት በሽቦው ውስጥ ስለሆነ የሚታፈን ሞገድ የለም። በኩርስክ ግንባር የዩክሬን የስንቅ መንገድ በእነዚህ ድሮኖች ተቆረጠ፤ ውድ ጃመር የጫነው መኪናና ምንም ያልጫነው እኩል ተቃጠሉ። ዩክሬን ሳትውል ሳታድር ያንኑ ቀዳች። መልሱ ከላቦራቶሪ አልመጣም። ወታደሮች የአደን ጠመንጃ ታጠቁ፤ በከርሶንና በዶኔትስክ መንገዶች ላይ ደግሞ በግራና ቀኝ ምሰሶ ተተክሎ መረብ ተዘረጋ። ከመረቡ ከፊሉ የዴንማርክ፣ የስዊድንና የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጆች ሲጠቀሙበት ኖረው የለገሱት ነው።

እዚህ ላይ የጉዳዩ እምብርት ይገኛል። አንድ ፀረ ድሮን መሣሪያ በሥራ ላይ የሚቆየው ጠላት መልስ እስኪያገኝለት ነው፤ በዩክሬን ግንባር ያ ጊዜ የሚቆጠረው በወራት ነው። የተንቀሳቃሽ ቡድኖቹ ዲሽቃ ሻሂድን ሲለቅም፣ ሩሲያ ሻሂዱን ጥቁር ቀባችው፤ ከዚያ በ2025 መትረየስ በማይደርስበት ከፍታ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማብረር ጀመረች። ፒክአፖቹ ከነመብራታቸው ወደ ላይ እያዩ ቀሩ። እንደ ወትሮው ዓመታት የሚፈጅ የሚሳይል ግዢ ለዚህ አይደርስም ነበር።

የተገኘው መፍትሔ ድሮንን በድሮን ማሳደድ ሆነ። ስቲንግ የሚባለው የዩክሬን ጠላፊ ድሮን ዋይልድ ሆርኔትስ በተባለ ቡድን የተሠራ ነው፤ የጥይት ቅርጽ አለው፤ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል፤ ዋጋው 3,000 ዶላር አይሞላም። አብራሪው መነጽር አጥልቆ ሻሂዱ ላይ ያላትመዋል። በዚህም ተከላካዩ ከአጥቂው ያነሰ ገንዘብ አወጣ። በ2025 ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በቀን 1,000 ጠላፊ ማምረትን ግብ አድርገው አስቀመጡ። ጠላፊው ያለ ጉድለት አይደለም፤ ነፋስና ዝናብ ይፈታተኑታል፤ የሠለጠነ አብራሪና የሚመራው ራዳር ይፈልጋል፤ ሩሲያ በጄት ሞተር የምትሠራቸው አዳዲስ ጌራኖች ደግሞ ለመያዝ ይከብዱታል።

መልሱ ይህን ያህል የፈጠነው በመሐንዲሶቹ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የግዢው ሥርዓት ተለውጧል። በ2023 የተቋቋመው ብሬቭ ዋን የተባለው የመንግሥት መድረክ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ሠሪዎችን ከጦሩ ጋር በቀጥታ ያገናኛል። የጦር ክፍሎች የሚፈልጉትን ድሮን ከኢንተርኔት ገበያ እንደሚገዛ ሰው መርጠው ያዝዛሉ፤ የመቱትን ዒላማ በቪዲዮ ሲያስረዱ ነጥብ ያገኛሉ፤ በነጥቡም ተጨማሪ ድሮን ይገዛሉ። ሰው መግደል ነጥብ የሚያስቆጥርበት ሠንጠረዥ ሕሊናን ይጎረብጣል፤ ያም ሆኖ ሠሪው የትኛው ድሮን እንደሠራና የትኛው እንደከሸፈ ቶሎ ያውቃል።

ሀብታሞቹ አገሮች በዚህ ረገድ ቀርፋፎች ነበሩ። አሜሪካ የትንንሽ ድሮን መከላከያን የሚያስተባብር ቢሮ ያቋቋመችው በ2020 ነው። በታኅሣሥ 2023 ግን ቨርጂኒያ በሚገኘው የላንግሊ አየር ኃይል ሰፈር ላይ ማንነታቸው ያልታወቀ ድሮኖች ለ17 ቀናት ሲመላለሱ፣ አገር ውስጥ ስለሆነ መተኮሱም ሞገድ ማፈኑም በሕግ ተገድቦ አዛዦቹ ቆመው አዩ። ቢሮው በነሐሴ 2025 ታጥፎ ሰፋ ያለ ሥልጣን ባለው ግብረ ኃይል ተተካ። በአውሮፓ በኩል፣ መስከረም 2025 ላይ ወደ ሃያ የሚጠጉ የሩሲያ ድሮኖች ፖላንድ ሲገቡ፣ ፎምና ኮምፖርሳቶ ለማውረድ የኔዘርላንድ ኤፍ-35 ጄቶች ተነሡ። «የድሮን ግንብ» የሚለው የአውሮፓ ኅብረት ዘመቻ የጦፈው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ሌዘርስ? በየኤግዚቢሽኑ የሚታየው እርሱ ነው። የብሪታንያው ድራጎንፋየር አንዴ ለመተኮስ 10 ፓውንድ ገደማ ብቻ እንደሚፈጅ ተነግሯል። የእስራኤሉ አይረን ቢም በ2025 መጨረሻ ለጦሩ ተላልፏል፤ ከእርሱ የሚያንሱ ሌዘሮችም ቀደም ብለው በሂዝቦላህ ድሮኖች ላይ ተሞክረው ሠርተዋል። ቁጥሩ ያማልላል። ሆኖም 10 ፓውንዱ የኤሌክትሪኩ እንጂ የማሽኑ ዋጋ አይደለም፤ ሌዘር አንዱን ዒላማ ለማቃጠል ለሰከንዶች ተተክሎ መቆየት አለበት፤ ጉምና አቧራ ያደክሙታል። ለመንጋ የሚሻለው ማይክሮዌቭ ይመስላል። በነሐሴ 2025 ኢንዲያና ውስጥ በተደረገ ሙከራ፣ ሊዮናይደስ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ አንድ ላይ የመጡ 49 ድሮኖችን በአንድ ምት አውርዷል። ሙከራና ጦር ሜዳ ግን ለየቅል ናቸው።

ከሁሉ የተረሳው መከላከያ የማይተኮሰው ነው። ዩክሬን የመብራት ጣቢያዎቿ ሲደበደቡ ትራንስፎርመሮቿን በመጀመሪያ በድንጋይና በአሸዋ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት ከበበች፤ ቀጥሎ በላያቸው የኮንክሪት ቤት ሠራችባቸው። ኮንክሪት ለጋዜጣ ፎቶ አይመችም፤ ሻጩም በኤግዚቢሽን አያስተዋውቀውም። ሆኖም ራዳሩ ሲተኛ፣ ተኳሹ ሲስት እርሱ አይስትም።

የመብራት ጣቢያን ከድሮን መጠበቅ ለኢትዮጵያ ጎረቤት ለሱዳን የትናንት ጉዳይ ነው። ከግንቦት 4 ቀን 2025 ጀምሮ ለቀናት ፖርት ሱዳን በድሮን ተደበደበች፤ የጦሩ መንግሥት መቀመጫ፣ የተራድኦ ድርጅቶችና የተፈናቃዮች መጠጊያ በነበረችው ከተማ የነዳጅ ማከማቻዎቹ ጢስ ሰማዩን ሸፈነው፤ አየር ማረፊያዋም ተመታ። ከዚያ በፊት በጥር ወር ዒላማው በዓባይ ላይ ያለው 1,250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመሮዌ ግድብ ነበር። የሱዳን ጦር ፀረ አውሮፕላን መሣሪያዎቹ ድሮኖቹን እንደገጠሟቸው፣ ጥቂቶቹ ግን አልፈው በኤሌክትሪክ ጣቢያው ላይ ጉዳት እንዳደረሱ ገለጸ። ሰሜን ሱዳን ጨለመች። ድሮን በቶሎ ይተካል፤ የዚያ መጠን ያለው ትራንስፎርመር ቢቃጠል ግን ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ እስኪተካ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።